ደም መጣጩ አዝመራው

አንዳንድ ሰው ብዕር ሲይዝ ሬሳ እንኳ ዕረፍት አያገኝም። የእንጅባራው መምህር ይሄነው እንዲህ ያለው ሰው ነበር።

ነገሩ በ2006 ዓ.ም. ነው። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ የደጊቱ አባት አዝመራው ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። ከዓመት በፊት ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ተጭኖ ለቅሶው ላይ ወጣ። «እኔ ልሳበው» ብትል አጎቷ «ሴት ልጅ ደግሞ!» ብሎ ገፈተራት። ንዴቱ ሲብላላ ከርሞ በብዕሯ ታሪክ ሆነ፤ በታሪኩ ፈረሱን የምትስበው ልጅቱ ናት። የአባቷን ስም እንኳ አልለወጠችም። ጽፋ ስትጨርስ ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ለይሄነው ሰጠችው። «አርብ በእረፍት ሰዓት አነበዋለሁ» አላት።

አርብ ተማሪው ድምፅ ማጉያው ሥር ተኮለኮለ። ይሄነው ማንበብ ጀመረ፤ የታሪኩ መጀመሪያ የእሷው ነው። ከዚያ ግን፣ ጉድ በሉ፣ አዝመራው ከመቃብር ወጥቶ የሰው ደም መምጠጥ ጀመረ! መስቀል ሲያይ ደግሞ እየጮኸ ይሸሻል። ተማሪው ሳቀ። ምን ያስቃል! ደጊቱ በንዴት እየተቃጠለች ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ አባቴን ምን አደረጉት?»

ይሄነው ማይኩን አጥፍቶ ፈገግ አለ። «አሳመርኩልሽ እንጂ! በየአገሩ ወጣቱ የሚሻማው የደም መጣጭ መጽሐፍ ነው። ነገ እኛም ዘንድ የሚመጣው ፋሽን እሱ ነው። ፈረስና ለቅሶ ማን ያነብልሻል?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

«መስቀል ይፈራል ብለዋል» አለች ደጊቱ። «አባቴ የተቀበረው ከነማተቡ፣ ከነመስቀሉ ነው። አንገቱ ላይ መስቀል አስሮ እንዴት ሆኖ ይነሣል?»

ያፍራል ስትሉ እስክሪብቶውን አነሣ። «እውነትሽን ነው! እንግዲያው ማተቡን በጥሶ ተነሣ እንላለን።»

ማተቡን በጥሶ! ዕድሜውን ሙሉ ሲጾምና ሲያስቀድስ የኖረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ለፋሽን ሲባል ሃይማኖቱን ይካድ? ለሰው ሞት አነሰው። ደጊቱ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ማይኩን ከፈተችው።

«ደጊቱ አዝመራው ነኝ» አለች። «ያ የሰማችሁት ውሸት ነው። አባቴ አልተነሣም።»

ይሄነው ማይኩን ሊቀማት እጁን ዘረጋ፤ ገፋችው።

«ቢነሣማ» አለች፣ «ሮጬ አንገቱ ላይ የምጠመጠመው እኔ ነበርኩ።»