የአማካሪዋ ትራስ

ሶፋ ሠሪው በዚህ ምድር ላይ የሚንቃቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ፦ በስቴፕለር የተመታ ጨርቅ፣ ቆዳ መስሎ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ ሲቀመጡበት እንደ አሮጌ በር የሚጮህ ወንበር፣ ያንን ወንበር ዋጋ ከፍሎ የሚገዛ ሰው። ሚስቱ አማካሪ ዘንድ እንሂድ ካለችበት ዕለት ጀምሮ ግን ሁሉንም አስከትላ ከፊት የተሰለፈችው የቤተሰብ አማካሪዋ ነበረች።

«እንዴት እንደምንነጋገር ልታስተምረን?» አለ ለሚስቱ፣ የክት ጃኬቱን እየቆለፈ። «እኔ አፌን የፈታሁት እኮ እሷ ሳትወለድ ነው!»

«መፍታቱንስ ፈተኸው ነበር» አለች ሚስቱ። «መልሰህ ዘጋኸው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፋ ሠሪውና አንድያ ሴት ልጁ በአንድ ወርክሾፕ፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን የሚነጋገሩት በእናቲቱ በኩል ነው። እናቲቱ ከወርክሾፑ መግቢያ ተቀምጣ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ጨርቅ ታስመርጣለች፤ ዋና ሥራዋ ግን መልእክት ማመላለስ ሆኖ ቀርቷል። «መቀሱን ስትጨርስ ታቀብለኝ በያት» ይላል አባት፣ ልጁ በክንድ ርቀት ቆማ። «እፊቱ ነው በይው» ትላለች ልጅ። እናት አንድ ቃል ሳታጎድል ታደርሳለች፤ እነሱም ገና አሁን እንደሰሙት ሆነው ይቀበላሉ። ከዚህ የባሰ ቂልነት አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ፣ እውነትም ብዙ አገር ዞሯል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ልጂቱ ከወትሮው የተለየ መልእክት ሰጠች። «በወሩ መጨረሻ ሥራ እለቃለሁ በይው። ወንዝ ማዶ ያለው ትልቁ የቤት ዕቃ ድርጅት ዋና ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው።»

የአባትየው መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ቢሆንም በወጉ አልተነገረውምና አልሰማም። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

«የሰማኸውን ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ስልክ መሆን በቃኝ። ወይ ሦስታችንም አማካሪ ዘንድ እንሄዳለን፣ ወይ እኔም ልጄን ተከትዬ ወንዙን እሻገራለሁ።»

ሶፋ ሠሪው ልጁ እንድትሄድ አይፈልግም። እንደ እሷ ያለ እጅ በከተማው ውስጥ እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል። «አትሂጂ» ለማለት ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ነገር ሲከብደው ትንንሾቹን ምስማሮች በከንፈሩ ይደረድርና ሥራ እንደያዘ ሰው ያጎነብሳል። አፉን በምስማር የሞላ ሰው እንዲናገር ማን ይጠብቃል?

የአማካሪዋ ክፍል ከደረጃው ጫፍ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ሶፋ ሠሪው እንደተቀመጠ በመዳፉ መቀመጫውን ደቆሰው። «የዚህ ሶፋ ሞላ ከሞተ ቆይቷል» አለ ለራሱ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። አማካሪዋ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የሚንሸራተትባት ወጣት ናት። ከጎኗ አንድ ትራስ አነሳች።

«ሕጋችን ቀላል ነው። ትራሱን የያዘ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን የሰማውን ይደግማል። ተናጋሪው ‹አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት› ካላለ በስተቀር መልስ የለም።»

«የሕፃናት ጨዋታ!»

«ልክ ነዎት ጋሼ። ሕፃናት ይችሉታል።»

ሶፋ ሠሪው ትራሱን መንጭቆ ወሰደ። ጨመቀው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ጥሩ፤ ልናገር። ይሄ ትራስ ውስጡ ቡትቶ ነው። ጠርዙ በሁለት ዓይነት ክር ተሰፍቷል። ይህን የሰፋ ሰው ሁለተኛ መርፌ እንዳይነካ። ጨረስኩ።»

አማካሪዋ ወደ ልጂቱ ዞረች። ልጂቱ ጣራውን እያየች ደገመችው፦ «ትራሱ ውስጡ ቡትቶ ነው። ጠርዙ በሁለት ዓይነት ክር ተሰፍቷል። የሰፋው ሰው ሁለተኛ መርፌ እንዳይነካ።»

«በትክክል ሰምታዎታለች?»

«ቃል በቃል» አለ፤ አለና ደነገጠ። የገዛ ንግግሩ ከልጁ አፍ በቀጥታ ወደ ጆሮው ከመጣ ስንት ጊዜው! ድንጋጤውን በሳል ሸፈነው።

ትራሱ ወደ ልጂቱ ሄደ። እሷም በሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

«አንድ ወንበር ስጨርስ ትገለብጠዋለህ። ሥሩን ታያለህ። የመጨረሻውን ቋጠሮዬን ትፈታና በራስህ እጅ እንደገና ታስረዋለህ። ከዚያ ምንም ሳትል ትሄዳለህ። በስምንት ዓመት አንዲት ቋጠሮ እንኳ አላመንከኝም።»

«ሥራዋን ስቆጣጠር ትናደዳለች» አለ ሶፋ ሠሪው ለአማካሪዋ።

«እንደሱ አላልኩም።»

«ችሎታ የለሽም ብሎኛል ነው የምትለው። እንደሱ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም!»

«እሱንም አላልኩም።»

«ወይ ጉድ!» አለች እናቲቱ። «የጎረቤቱን ስፌት ስህተት ከመንገድ ማዶ ያያል፤ የልጁን አራት ቃል ከአጠገቡ አይሰማም!»

በጆሮው የሚተማመን ሰው እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶበት አያውቅም። ላቡን ጠረገ። ሥራ ሲከብደው እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው ጀመረ። «ወንበሬን ትገለብጣለህ… ቋጠሮዬን ትፈታለህ… ምንም ሳትል ትሄዳለህ… አንዲት ቋጠሮ እንኳ አላመንከኝም።»

«አዎ። ይህን ነው ያልኩት» አለች ልጂቱ፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።

ትራሱ ሲመለስለት ሶፋ ሠሪው ስለ ክሩ አላነሳም። «ያ እኮ የሥራ ቤታችን ወግ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር። የመጨረሻውን ቋጠሮ የሥራ ቤቱ ባለቤት የሚያስረው፣ ይህን ወንበር በስሜ አወጣዋለሁ ለማለት ነው። እንከን ያለበትን ወንበር ስፌቱን ሁሉ አስፈታዋለሁ እንጂ ቋጠሮውን አላስርም። ያንቺን ስፌት አስፈትቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ታዲያ ዝም ብለህ የምትሄደውስ?»

«እንከን ካጣሁ ምን ልበል?»

ልጂቱ ሳቀች፤ ግን የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያመሰግነኝ ኖሯል በሉኛ!»

«እኔንስ?» አለች እናቲቱ ቀና ብላ። «እኔን ዝም ያልከኝ ዘመን ሁሉ ምስጋና ነበር?»

«የእርስዎ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለች አማካሪዋ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች።

ሶፋ ሠሪው ሲወጣ ትራሱን በብብቱ ሸጎጠ። «በዚህ ቡትቶ የሰው ቤት አይቃናም። አድሼው እመለሳለሁ።»

አንድ ሰው እውነቱን ካወቀ በኋላ ለመናገር ምን ያህል ይዘገያል? ይህን ሰው ያየ ተስፋ ይቆርጣል። ሳምንቱን ሙሉ ትራሱን በምርጥ ጥጥ ሞላ፣ ጠርዙን በሰም በተቀባ ክር ሰፋ፣ እንደ ሕፃን አገላበጠው። ስለ ወንዝ ማዶው ሥራ ግን ትንፍሽ አላለም። እናቲቱ አፏን ለጉማ መግቢያው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጂቱ መርፌዎቿን ከአባቷ መርፌዎች እየለየች በጨርቅ መጠቅለል ጀምራለች።

በሳምንቱ መጨረሻ ልጂቱ አንድ አረንጓዴ ባለመደገፊያ ወንበር ጨረሰች። አባትየው መጣ፤ ገለበጠው። ቋጠሮው ከሥሩ አለ፤ ትንሽ፣ ጥብቅ፣ ጨዋ። እጁ እንደ ልማዱ ወደዚያው ሄደ። ደርሶም ቆመ። ወንበሩን መልሶ አቆመና፣ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጁ በሠራችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ላይ የነበሩትን ምስማሮች አንድ በአንድ ወደ መዳፉ ተፋ። ከዚያ ያንን የናቀውን ትራስ አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈ፤ ሲታይ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ይመስል ነበር።

«አትሂጂ» አለ።

ልጂቱ መርፌውን አስቀመጠች። «‹አትሂጂ› ስትል ሰማሁ።»

«ይህን ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«ከእኔ የተሻለ ትሰፊያለሽ። ይሄንን መድገም አያስፈልግም።»

«ሕግ ነው አባዬ። ‹ከእኔ የተሻለ ትሰፊያለሽ› ስትል ሰማሁ።»

«እኔም ሰማሁ!» አለች እናቲቱ ከመግቢያው። «መንገደኛውም ሰምቷል!»

ልጂቱ እጇን ዘርግታ ትራሱን ተቀበለች። «የወንበሬን ቋጠሮ እኔ አስራለሁ። ያንተንም ወንበር ከዛሬ ጀምሮ እኔ እገለብጣለሁ። በዚህ ከተስማማህ እቀራለሁ።»

ሶፋ ሠሪው መርፌ እንደሚውጥ ሰው ምራቁን ዋጠ። «የወንበርሽን ቋጠሮ አንቺ ታስሪያለሽ። የእኔን… የእኔንም ትገለብጫለሽ። በዚህ ከተስማማሁ ትቀሪያለሽ። ተስማምቻለሁ። ግን እንከን አታገኚም!»

«አባዬ፣ ትራሱ እኔ ጋ ነው።»

ልጂቱም በጨርቅ የጠቀለለቻቸውን መርፌዎች ፈትታ ወደ ቦታቸው መለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሶፋ ሠሪው ለመጀመሪያው ደንበኛ አፉን ሞልቶ ያስረዳ ነበር። «የቤተሰብ ምክር? ወሬ ነው እባክህ! አማካሪዋ ምንም አታውቅም። ቁም ነገሩ ትራሱ ላይ ነበር፤ እኔ ባላድሰው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርን።»

«ጃኬትህን ልበስ» አለች ሚስቱ፣ ትራሱን ከጠረጴዛው ላይ እያነሳች። «ዛሬ የእኔ ተራ ነው።»

ትራሱን በእቅፏ አመቻችታ ወደ በሩ ስትሄድ አያት። ያን ጊዜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን አሳምሮ በመሥራቱ ተጸጸተ፤ የቱንም ያህል ረጅም ሰዓት ቢይዙት ክንድ የማያደክም ትራስ አድርጎት ነበርና።