ጉልበቴ የተባለው ቁጥቋጦ

ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አባዬ ፊደል መለየት ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ዳር ዳሩን ያያል እንጂ መሐል ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጠፍቶበታል። ሐኪሙ የቀረውም ቢቆይ ዓመት ነው፣ ቢበዛ ሁለት ብሎታል። ስለዚህ ከዝርያ ምዝገባ ቢሮ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በኔ አፍ ነው የሚያልፈው። የዚያን ቀንም ፖስታውን ቀድጄ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

"ምን አሉ?" አለኝ። ችግኝ የምናሳድግበት ግሪንሃውስ ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የእጁን አፈር በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

"ጊዜ ይፈልጋሉ" አልኩት። "ገና እየለኩ ነው።"

"ይለኩ" አለ ደስ ብሎት። "የላክንላቸው የሚለካ ነገር ነው።"

የላክንላቸው ሃያ ማሰሮ ችግኝ ነው። ደብዳቤው የሚለው ግን እንዲህ ነበር፦ በሁለት ዓመት ክትትል የናሙናዎቹ አማካይ ቁመት አንድ ሜትር ከሠላሳ ደርሷል፤ ከተራው ዝርያ የሚለዩበት ባሕርይ አልታየም፤ ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም፤ ቅሬታ ካለ በስልሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ። አንድ ሜትር ከሠላሳ ማለት ደረቴ ድረስ ነው። የኛ ቁጥቋጦ ደግሞ ከጉልበት አያልፍም። ስሙ ራሱ "ጉልበቴ" ነው።

ተራው ቁጥቋጦ ዝም ካሉት ሰው አክሎ የሚመዘዝ፣ ሐምራዊ አበባውን እላይ ማንም የማያየው ቦታ ላይ የሚያወጣ፣ ከአጥርነት በቀር ለምንም የማይሆን ነው። ሰው ዛሬ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ የሚፈልገው በረንዳ ላይ ልክ ሆና የምትቀመጥ፣ አጭር፣ አበባዋ የበዛ ነገር ነው። አባዬ ዕድሜውን ያችን ነገር ሲፈልግ ጨረሰ። አዳቀለ፣ ዘራ፣ ሺህ ችግኝ አሳድጎ ሺውንም ጣለ። ከዚያ አንድ ቀን እዚያው ግሪንሃውሱ በር ሥር፣ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ፣ ማንም ሳይተክላት የበቀለች አንዲት ችግኝ አየ። ያኔ ዓይኑ ደህና ነበር። ሦስት ዓመት ጠበቃት፣ አልረዘመችም። በሩ ያኔ ጠባብ ስለነበር ሳጥን ተሸክመን በገባን በወጣን ቁጥር ትታከከን ነበር፤ እናቴ "ይቺ ልጅ ቀሚሴን አትለቅም" እያለች ትቆጣት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አጠገቧ ቆሞ ለካት። "ጉልበቴ ጋ ናት እኮ" አለ።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። "ጉልበትህን የጨረስክባት ናትና ጉልበቴ በላት" አለችው። እንደ ቀልድ የተባለው በዚያው ጸና።

እናቴ ከሞተች በኋላ የአባዬ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ። "ዓይኔ ሳይዘጋ ስሟ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም" ይላል። የሚለው ስለ ችግኟ ይሁን ስለ እናቴ ጠይቄው አላውቅም። ከበሩ ችግኝ ቅርንጫፍ እየቆረጥን፣ ሥር እያስያዝን፣ ረጅሙን ጠረጴዛ በአምስት ረድፍ ሞላነው። እሷ ራሷ በሩን ስናሰፋ ከሲሚንቶው ጋር ተነቅላ ሞተች፤ ልጆቿ ግን ነበሩንና አላዘንንም።

ዓይኑ ሲደክም እጁ ተካው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ በጠረጴዛው ርዝመት እየሄደ እያንዳንዷን ከሥሯ እስከ አናቷ በመዳፉ ያብሳታል፤ ጫፏ ላይ ሲደርስ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ እንደ ጨርቅ ይፈትናታል። ዳበሳ እንለዋለን። "ዳበሳ ላይ ነው" ካልኩ ጎረቤት ሁሉ አባዬ የት እንዳለ ያውቃል። እኔን በልጅነቴ ፀጉሬን እንዲያ ዳብሶኝ አያውቅም፤ ይህን ነግሬው "አንቺማ መች ቁጭ ብለሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው። አባዬ አጭር ሰው ስለሆነ አምስተኛው፣ የኋላው ረድፍ ላይ እጁ አይደርስም። የሚደርሰው የኔ እጅ ነው፤ ያውም ሳጥን ላይ ወጥቼ።

በኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው። ወጣ ያለ ይነቀላል። ከጓደኞቹ የረዘመ፣ ቀለሙ የተለየ፣ ቅጠሉ የሰፋ ችግኝ ካየህ አትራራለት፣ ንቀለው፣ ካልሆነ ዝርያውን ያበላሽብሃል። ከኋላው ረድፍ በየዓመቱ አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓመት አየኋቸው። ልነግረው ዞር ስል አባዬ የፊቱን ረድፍ እያበሰ ለብቻው ፈገግ ብሏል። እናቴ ከሞተች ገና ዓመቷ አልሞላም ነበር፤ የዓይኑንም ነገር ሐኪሙ የነገረን በዚያው ሰሞን ነው። ስንት መርዶ ልንገረው? ነቀልኳቸው። ከፊት ከፊቱ አጫጭሩን አንስቼ በቦታቸው ተካሁ፤ ለፊቱ ደግሞ አዲስ ቁራጭ አበቀልኩ። በዓመቱም እንዲሁ። ስምንት ዓመት እንዲሁ። ሥራዬን በደንብ የምሠራ ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ ለአባዬ ማዳበሪያ ልገዛ ነው ብዬ በአውቶቡስ ችግኞቻችን ወደተለኩበት ሙከራ ጣቢያ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነው የሄድኩት፤ እኔ ስናደድ አፌ ስለት ነው።

የተቀበለችኝ መርማሪ በዕድሜ በአሥር ዓመት የምታንሰኝ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ገና በሩ ላይ "ቀያይራችሁብናል" አልኳት። አልተቆጣችም። "ይግቡና ይዩት" ብላ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ፊት ፊት ሄደች።

ሃያውም ቆመዋል። ግንዳቸው ላይ በሽቦ የታሰረው ካርድ ላይ "ጉልበቴ" ይላል።

"ጽሑፉን ያውቁታል?" አለችኝ።

"የኔ ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ አበባቸው ጫፍ ላይ ብቻ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ያለ ሆነዋል። የራሴን ሰው መንገድ ላይ አግኝቼ ሳይለየኝ እንደቀረ ሆኖ ተሰማኝ። አንዷን ቅጠሏን እንኳ ልያዛት ብዬ እጄን ስዘረጋ መርማሪዋ ክንዴን ቀስ አድርጋ ያዘችኝ።

"ይቅርታ፣ እዚህ አይነካም።" ግድግዳው ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ ተክሎቹን መንካት ክልክል ነው።

"ምን እንዳላደርገው ነው? እበላዋለሁ?"

"ኧረ አይደለም። ልኬታችን እንዳይዛባ ነው" አለች። "ተክል በየቀኑ ሲነካካ ነፋስ የሚደበድበው ቦታ ላይ የበቀለ ይመስለዋል። ወደ ላይ መሄዱን ይተውና ይወፍራል፣ ይጠቀጠቃል። ያጥራል።"

"ምን ያህል ያጥራል?"

"እንደ ተክሉ ነው። ጠዋትና ማታ የሚታሽ ከሆነ ግማሽ ቁመቱን ሊያጣ ይችላል፣ ከዚያም በላይ።" ዞር ብላ አየችኝ። "እናንተ ጋ የሚነካው ሰው አለ እንዴ?"

"ማንም የለም" አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ቅሬታ ከሌለን ሞልተን የምንመልሰው ቅጽ ሰጠችኝ፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ የነቀልኳቸውን ስቆጥር ነበር። መቶ ላይ ስደርስ ተውኩት። አንዳቸውም ወጣ ያሉ አልነበሩም። እጁ ያልደረሰባቸው ናቸው። ትክክለኛዎቹ እነሱ ነበሩ፣ እኔ ደግሞ እነሱን እየለቀምኩ ጣልኩ።

ሦስት ቀን አልነገርኩትም። በሦስቱም ቀን ሳጥን ላይ ወጥቼ የኋላውን ረድፍ አየሁ፤ ሁለት ችግኞች እንደልማዳቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳበሳ ላይ ሳለ አጠገቡ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ደብዳቤው ጊዜ እንፈልጋለን አይልም። አልተቀበልንም ነው የሚለው።"

እጁ አንዲት ችግኝ አናት ላይ ቆመ። "ስንት ደረሰ አሉ?"

"ሜትር ከሠላሳ።"

"ቀያይረውታል።"

"እኔም እንዲያ ብዬ ሄጄ ነበር። አልቀየሩትም፣ በዓይኔ አየሁት።" ከዚያ መርማሪዋ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ በሩ ችግኝ፣ ስለ እናቴ ቀሚስም ነገርኩት። መጨረሻ ላይ "እጅህ ነው አባዬ" አልኩት።

እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ቅስሙ ተሰበረ ብዬ ሳጥኑን ላቀርብለት ጎንበስ ስል ድንገት በሥራ ድምፁ፣ ስህተት ሊያርመኝ ሲል በሚያወጣው ድምፁ ጠየቀኝ።

"ቆይ፣ እንዲህማ አይሆንም። አምስተኛው ረድፍ ላይ እጄ አይደርስም። እነሱ ለምን አልረዘሙም?"

ይህን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ይረዝሙ ነበር" አልኩ።

"ምን አደረግሻቸው?"

"ወጣ ያለ ይነቀላል ብለህ የለ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ዓመት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳታዝን ብዬ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ የኋላው ረድፍ ወዳለበት። "አንድ ቀን" አለ፣ "አንድ ቀን ብቻ 'አባዬ የኋላው ረዘመ' ብትይኝ በዚያው ቀን ይገባኝ ነበር። ያኔ ዓይኔም ነበር። ሌላ የምፈልግበት ጊዜ ነበረኝ።" አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸቱን ለምጄዋለሁ፣ እመልስለታለሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳበሳ ቀረ። እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ግሪንሃውሱ ይገባል፣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ "ለኪ" ይለኛል። አሁን መዋሸት የለም፤ የለካሁትን እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ጉልበት አለፉ። ከዚያ ጭን ደረሱ። ፊት ረድፍ ያሉት ከኋለኞቹ ጋር እየተካከሉ ሲሄዱ ማየት በጣም ያማል፤ እንደዚያ ጥቅጥቅ ያለው አበባ ሳሳ፣ ወደ ላይ ሸሸ። አንጀቴ አልችል ሲል አንዷን ማሰሮ አንስቼ አቀረብኩለት።

"አንዷን እንኳ ለራስህ ያዛት" አልኩት። "ለመዝገብ አይደለም። ዝም ብለህ ዳብሳት፣ እንደድሮዋ ትሁንልህ።"

"መልሻት" አለኝ። "ትደግ።"

ስልሳኛው ቀን ሲቃረብ ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቅሬታ አናቀርብም፤ ምን ብለን? አጠገቡ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁትና እያነበብኩለት መሙላት ጀመርኩ። ዓይኑ በነዚያ ሳምንታት ክፉኛ ደክሟል፤ ቀና ብሎ የሚያየው እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ ጎን ያለውን ብርሃን ነው።

"የዝርያው ስም" አልኩ።

"ታውቂው የለ።"

ጉልበቴ ብዬ ጻፍኩ። "የአመልካች ስም" የሚለውንም ሞላሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆም አልኩ። "'ባሕርዩ በአመልካቹ ዘንድ ሊታይ የቻለበት ምክንያት፣ ከታወቀ' ይላል። ባዶ ልተወው?"

"አይ፣ ይታወቃል እኮ።"

"ታዲያ ምን ልበል? መነካካት ልበል?"

የፈነዱት አበቦች እላይ ናቸው፣ ንቦቹም እላይ ናቸው፤ እሱ ድምፃቸውን የሚሰማ ይመስል ራሱን ዘንበል አድርጓል።

"ስሙን ድገሚው" አለኝ።

"የምን ስም?"

"መጀመሪያ ላይ የጻፍሽውን።"

እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ጻፍኩት። ከላይና ከታች ያው ቃል፣ ያው የእጅ ጽሑፍ። እናቴ ብታየው ትስቅ ነበር ብዬ ልለው አስቤ ተውኩት።

ቅጹን አጥፌ ስነሳ እሱም ተነሳ። ከሳጥኑ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ስንት ዓመት ሙሉ የሄደው ጠረጴዛውን እየዳበሰ ነው፤ አሁንም በልማድ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጣቱ የመጀመሪያዋን ቅጠል ሊነካ ትንሽ ሲቀረው መለስ አድርጎ ብብቱ ሥር ከተተው፣ ከዚያም ያለ እጁ፣ በእግሩ ብቻ መሬቱን እየፈለገ ወደ በሩ ሄደ።