የሰባት ጠረጴዛ

አናጢው ቂም አይረሳም። አራተኛ ክፍል ሳለ እንግሊዝኛ ሲያነብ ተንተባትቦ የሳቁበትን ልጆች ዛሬም ከነመቀመጫቸው ያስታውሳቸዋል። በማግስቱ ደብተሩን ጥሎ መጋዝ ያዘ። ሴት ልጁን ግን እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ክፍል አስገባት፤ በእኔ የተሳቀው ይበቃል ብሎ።

እቤት «ወሬኛዬ» የሚላት ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ አፏ ይለጎማል። መምህሩም፣ «ሒሳብ ጭራሽ አልገባትም፤ አርብ እፈትናታለሁ። ካልመለሰች ክፍል ትደግማለች» ብሎታል።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታው መጣች።

«አባዬ፣ መምህሩ ሲናገር የያዝኩት አርብ፣ ሰባት፣ ቴብል የሚለውን ብቻ ነው።»

«ቴብል ጠረጴዛ አይደል?»

«መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።»

«ጓደኞችሽን አትጠይቂም ነበር?»

«በኛ ቋንቋ መጠየቅ ክልክል ነዋ።»

አገጩን አከከ። «ለሰባት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ መሆኑ ነው። ግድ የለም፣ በእንጨት እንኳ አንታማም።»

የሰው ሥራ ወደ ጎን ትቶ ሲልግና ሲያጣብቅ ሰነበተ። አርብ ጠዋት ጠረጴዛውን በጋሪ እየገፋ፣ ልጁን አስከትሎ ከክፍሉ በር ደረሰ።

መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቴብል ስል የማባዛት ሠንጠረዥ ማለቴ እኮ ነው፤ የሰባትን አጥኑ ነው ያልኩት!» ልጆቹም ተከትለው ሳቁ። ያው የድሮው ሳቅ ነው። የአናጢው ጆሮ ጋለ፤ ጋሪውን አዞረ።

ከጎን ያለውን ክፍል በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩት አሮጊት መምህርት ወጡ። አልሳቁም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳሰሱና ልጅቷን በቤቷ ቋንቋ፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰባት ሰው ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ስምንት ምስማር ብናድል?» አሏት።

«ሃምሳ ስድስት።»

«ዘጠኝ ዘጠኝስ?»

«ስልሳ ሦስት። ለአባዬ ምስማር የምቆጥርለት እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«እስቲ እሱን በእንግሊዝኛ?»

«ሲክስቲ… ስሪ።»

መምህርቷ ወደ ባልደረባቸው ዞሩ። «ሒሳቡ አላት፤ የጎደላት ቃሉ ነው። ልጅቷን ለእኔ ስጠኝ።»

 መምህሩ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ከአናጢው ጋር ተጋግዘው ወደ መምህርቷ ክፍል አስገቡት።

ዛሬም ሰባት ልጆች ይማሩበታል። አናጢው በወር አንዴ መዶሻውን ይዞ ብቅ ይላል።

«ምኑም አልተነቃነቀም እኮ» ይሉታል መምህርቷ።

«ልየው ብዬ ነው፣ እትዬ» ይላል፤ ተንበርክኮም ደህናውን የጠረጴዛ እግር መታ መታ እያደረገ፣ ልጁ በሁለት ቋንቋ ስትለፈልፍ ይሰማል። ቂም የማይረሳ ሰው ውለታም አይረሳም።