ያልተቆጠሩት አምስት ቀናት

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከደመና የሚወርደውን መብረቅ ሰው ቀና ብሎ ሊጠነቀቀው ይችል ይሆናል፤ ከገዛ ልማዱ የሚወርድበትን መብረቅ ግን ማንም አያየው፣ ማንም አይሸሸው።

በአዲስ አበባ በሚገኝ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መዝገብ ቤት ዐሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ፣ ትጉህና ምስጉን የሆነ ልሳነወርቅ የሚባል ሰው ነበረ። ውሉ በየጊዜው ሲታደስለት ኖሮ፣ ዘንድሮም እንደሚታደስ አለቃው በጽሑፍ ካረጋገጡለት በኋላ፣ ምክንያት በሌለው ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ተሰናበተ። አቤት ቢል የድርጅቱ ሸንጎ በደሉን አምኖ የሦስት ወር ደመወዝ ብቻ ካሳ ፈረደለት፤ ካሳው ካነሰውም በስድሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ፈቀደለት። ውሳኔው የደረሰው ሐምሌ ሠላሳ ነበረና፣ ከቢሮ ከወጣ ወዲህ የፈረንጁን አቆጣጠር ትቶ፣ ነሐሴን ከመስከረም ደምሮ ስድሳ አለ፤ የሁለት ዓመት ደመወዝ የሚጠይቀውን ይግባኝም ሲጽፍና ሲሰርዝ፣ ሲያርምና ሲያሳምር ሰነበተ።

መስከረም ሃያ ዘጠኝ ኮቱን አስተኩሶ ወደ ይግባኝ ተቀባዩ ክፍል ገባ። ተቀባይዋ እርሱ ራሱ ሥራ ያስተማራት አጸደ ነበረች፤ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችው። አንድ ቀን ቀድሞ መምጣቱን በኩራት ቢነግራት፣ በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ጳጉሜስ?»

ልሳነወርቅ የውሳኔውን ወረቀት አውጥቶ ቀኑን ደግሞ አየ። የቤት ኪራይ የማይታሰብባትን፣ በዓመት ጭራ የተንጠለጠለችውን ጳጉሜን እርሱም ሳያስባት ቀርቷል። ቀነ ገደቡ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል።

አጸደ በሩን ዘግታ የቀን ማኅተሙን አነሣች። «አራት ቀን ወደ ኋላ ላዙረው። ማን ያያል?»

ሰውየው ማኅተሙን አየ። እርሱ በዚህ ወንበር ሳለ፣ በዚሁ ማኅተም አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሁለት ቀን ዘገየሽ ብሎ አቤቱታዋን የመለሰበት፣ ሴትዮዋም ወረቀቷን አጥፋ የወጣችበት ዕለት ድንገት ትዝ አለው።

«አንቺ ታያለሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ያስተማርኩሽም ይህን አልነበረም። የዛሬውን ምቺ።»

እርሷም እያለቀሰች መታችው። እርሱ ግን ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ባዶ እጁን ዘርግቶ፣ አምስቱን ጣቶቹን አዲስ እንደበቀሉ ሁሉ ደጋግሞ ቆጠራቸው፤ ሰው ሳይቆጥራት ያለፈች ዕለት፣ ሰውን ሳትቆጥር አታልፍምና።