አርባ አንድ ካርድ

እንግሊዝኛ ውስጥ ሱፍ ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ ግስ አለ፤ «ሪሊንክዊሽ» ይባላል። ገበያ ላይ አታገኙትም፣ ሰው ሲጣላም አፉ ላይ አይመጣለትም። ሌሎች ቃላት ሲፈቱ ግን የማይገባበት ጉዳይ የለም። ንጉሥ ዙፋኑን ሲተው፣ ሹም ሥልጣኑን ሲያስረክብ፣ ወራሽ «ድርሻዬ ይቅርብኝ» ሲል፣ እየተረጎምነው ያለው መዝገበ ቃላት ሁሉንም የሚፈታቸው በዚሁ ግስ ነው። ቆጥረነዋል፤ ለየቃሉ ፍቺ ከምንጽፍባቸው ካርዶች አርባ አንዱ ላይ ተገትሯል። እሱ በአማርኛ ካልተፈታ አርባ አንዱም አይዘጉም። የሱ ካርድ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ እኔ እጅ ላይ ነው።

ቢሯችን ሦስት ጠረጴዛና ብረት ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮት ናት። በሩ አጠገብ ታይፒስቷ፣ መሀል ላይ ዋና አዘጋጁ ጋሼ ከነቀይ እርሳሳቸው፣ መስኮቱ ሥር እኔ። በእጁ ያልተዘጋ ካርድ ያለው ሰው ፈቃድ አይወጣም የሚል ደንብ አለን። ያወጣውን ሰው እንዳልረግመው፣ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን ስልሳ ካርድ በትኖ ሲጠፋ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ሐሳቡን አቀረብኩ። ያኔ ሁሉም አጨበጨቡልኝ።

ልጄ ነገ ጠዋት በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ለሥራ ሩቅ ነው ያለው፤ ከእኔ ሌላ አጠገቧ የሚቆም ሰው የላትም። ወደ እሷ ከተማ የሚሄደው የመጨረሻ አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። መዝገበ ቃላቱም ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዛሬ እንኳ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው ከምሳ በኋላ።

ካርዱን ተቀበሉኝ። «የያዙትን ወዶ ትቶ መስጠት» ይላል። ከዚህ በፊት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መልሰውብኛል፤ አንዴ «ሲተው ወዶ ነው ተገዶ?» አንዴ ደግሞ «ከሰጠ በኋላ ቆጭቶታል?» እያሉ። ቃል ሲመረምሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሰው ይጩህ አይጩህ ደንታ የላቸውም። ዛሬ ግን ካርዱን ረጅም ጊዜ አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፈረሙ። የፈቃድ ወረቀቴንም ፈረሙ።

«ሂጂ። ልጅሽን ሳሚልኝ።»

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ሻርፔን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ቦርሳዬን አንስቼ፣ ወደ በሩ በረርኩ። ታይፒስቷ አርባ አንዱን ካርዶች ተረክባ አዲሱን ፍቺ እየሞላች መምታት ጀምራለች። ይቺ ልጅ ጮክ ብላ ካላነበበች ጣቶቿ አይታዘዙላትም።

«ተከባ በረሃብ ያለቀች ከተማ… በሮቿን… ወዳ ትታ መስጠቷ…»

እጄ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ኧረ እትዬ፣ የራስዎን ነው ያነበብኩት!»

ወዳ! የተራበች ከተማ ለጠላቷ ወዳ በር ትከፍታለች? «ወዶ»ን ላውጣው ብል ደግሞ በገዛ ፈቃዱ የወረደው ንጉሥ ከተባረረው ጋር አንድ ሊሆን ነው። አንዱን ከነካሁ አርባ አንዱም እንደ አዲስ መነበብ አለባቸው። ይዤው ልሂድ እንዳልል ካርድ ከቢሮ አይወጣም፤ ይህን ደንብ እንኳ እኔ አላወጣሁትም።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እያወቁ ነው የፈረሙት?»

«አዎ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም። አንዲት ከተማ ብትበላሽ ዓለም አይገለበጥም። ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

እኚህ አንዲት ነጥብ እንኳ አልፈው የማያውቁ ሰው ለእኔ ሲሉ አለፉ። መሄድ ነበረብኝ። ጤነኛ ሰው ይሄድ ነበር። የያዘኝ ሰው የለም፤ ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ በሩን ገፋ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። «ይቺን አንዷን ብቻ ልያት» አልኩና ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

ስልኬ ሲጮህ አሥራ አንደኛው ካርድ ላይ ነበርኩ።

«እማ፣ ተሳፈርሽ?»

ታይፒስቷ መምታቷን አቆመች። ጋሼ ቀይ እርሳሳቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ተሳፍሬያለሁ የኔ ልጅ።»

«እሰይ! እኔማ የምትቀሪ መስሎኝ ፈርቼ… ቦታ አገኘሽ?»

«አግኝቻለሁ። መስኮት አጠገብ ነኝ።»

የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ከፍርግርጉ ማዶ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። እሷም በስልኩ ሰማችውና ሳቀች።