መልስ ሳይሰጥ የተዘፈዘፈ ሻይ

እማ ዙሌይካ ለሽማግሌዎቹ የሚመልሱትን ቃል ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ሲለማመዱት አረፈዱ። «ከረመዳን በኋላ ተመለሱ።» ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ወላጆቿ የሞቱባትን ሰሚሃን ያሳደጉ እሳቸው ናቸውና ውሳኔውም የእሳቸው ነው። ቻይና ሄዳ ተምራ በደህና የገባችላቸውን የልጅ ልጅ ገና አይተው ሳይጠግቡ፣ እዚያው አብሯት የተማረ ማህዲ የሚሉት የውጫሌ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ውጫሌ እኮ ቅርብ ነው ይሏቸዋል። ቅርብስ ቢሆን፣ መኪና አይገለበጥም?

ሻዩ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነባቸው። ሰሚሃ ለእንግዶቹ የማቀርበው ፑኧር የሚባለውን የቻይና ሻይ ነው ብላ ድርቅ አለች። እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ የተጠፈጠፈ፣ ዓመታት ያስቆጠረ ጥቁር ቅጠል ነው። በቢላ ጫፍ ፈልፍላ ትንሽዬ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመረች፤ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበትና ወዲያው ደፋችው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ደፋሽው እኮ!»

«ማጠቤ ነው፣ እማ። የሚጠጣው ቀጣዩ ነው።»

«ስኳሩስ? ቅርንፉዱስ?»

«ምንም አይገባበትም።»

«ያረቢ! መራራ አጠጡን ብለው ሊያወሩብን ነው!»

ሰሚሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይሸታል። እማ ዙሌይካ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደው ፉት አሉ። አልመረረም። ከዋጡት በኋላ እንዲያውም ጉሮሯቸው ላይ ጣፈጣቸው።

«ለክፉ አይሰጥም» አሉ። ሲኒው ግን ባዶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሰሚሃ አዲስ ቅጠል አጥባ ውሃውን አፍስሳበት ቆየቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ ሼህ አብዱልከሪም ተቀምጠው ንግግራቸውን ጀመሩ፤ መሀል ላይ ግን አፍንጫቸው ወደ ማንቆርቆሪያው ዞረ።

«ማሻአላህ! ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?»

«ሻይ ነው፣ አባ። ውሃ ውስጥ ከቆየ ግን ይመርራል። ልቅዳልዎት?»

«መልስ ሳንሰማ እህል ውሃ አንቀምስም፤ ነውር ነው።» ሼሁ ምራቃቸውን ዋጡ። «በይ ዙሌይካ፣ ሻዩ ሳይበላሽ ተናገሪ። ልጅቷን ትሰጪናለሽ?»

እማ ዙሌይካ ያን የተለማመዱትን ቃል ሊያወጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሰሚሃ የማንቆርቆሪያውን እጀታ ይዛ እሳቸውን ታያለች። ቻይና ልሂድ ብላ የለመነቻቸው ቀንም እንዲህ ነበር ያየቻቸው። ያኔ ፈርተው፣ አልቅሰው፣ እሺ አሉ። ይኸው አምራበት መጣች።

«ሰጥተናል!» ብለው ጮኹ። «ቅጂ አንቺ፣ ሳይመርርባቸው!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ዱዓ ተደረገ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ፣ ደገሙ፤ ሰሚሃ በዚያው ቅጠል ላይ ውሃ እየጨመረች ቀዳች፣ ሻዩም እየጣመ ሄደ።

«ይሄ ቅጠል አያልቅም እንዴ?» አሉ ሼሁ። «እኛ እንኳ ሦስቴ ተመላልሰን ጫማችን ያልቃል ብለን ነበር!»

እማ ዙሌይካ ሰሚሃን ወደ ጓዳ ሳቧት። «እያወቅሽ ነው አይደል፣ መልስ ሳልሰጥ ቅጠሉ ላይ ውሃ ያፈሰስሽው?»

ሰሚሃ አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

«ሳቂ፣ ሳቂ! የኒካሁ ለት ለዚያ ሁሉ ሰው በዚህች ሚጢጢ ዕቃ ልትቀጂ ነው? እጅሽ ይቃጠላል እኮ! ነገውኑ ለዚያ ልጅ ደውይ፣ ትልቅ ይፈልግ። ደግሞ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይንዳ በይው!»