ሦስተኛው ግልባጭ

የወረዳው ፋይናንስ ቢሮ ጸሐፊ ዘመነ የመልቀቂያውን ግልባጭ ተቀብሎ ገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥር ሊሰጠው እስክሪብቶውን ሲያነሳ የመምህር ስማቸው ስልክ ጮኸ። ስማቸው የደዋዩን ስም አየና ፊቱ በራ። ካሌብ ነበር፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ አዲስ ሥራ ሊጀምር ካለበት ፕሮጀክት ቢሮ። “አንዴ ቆየኝ፣ አዲሶቹ አለቆቼ ናቸው” ብሎ ለዘመነ ነገረውና ወደ በረንዳው ወጣ።

ካሌብ ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ ወሬ እንኳ አሳምሮ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ጤንነቱን ጠየቀ፣ ቀጥሎ የልጆቹን ደኅንነት። ከዚያ በጀቱ ከላይ መታጠፉን፣ የአስተባባሪነቱ መደብ ላልተወሰነ ጊዜ መታገዱን፣ ሲፈቀድ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ መሆኑን አስረዳው። ስማቸው ነገሩ ቶሎ አልገባውም፤ ሲገባው የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ።

“እኔ እኮ መልቀቂያ አውጥቻለሁ” አለ። “ያለ መልቀቂያ የቅጥር ደብዳቤ አንሰጥም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።”

“አውቃለሁ ጋሽ ስማቸው፣ በጣም ይቅርታ። ግልባጮቹን ካልበተኗቸው ግን ባይበትኗቸው ይሻላል።”

ካልበተኗቸው ይላል! ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ምን ሲሠራ የዋለ መስሎት ነው? በእኛ አገር ደብዳቤ እግር የለውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ተሸክሞ በየቢሮው ያድለዋል። ስማቸውም የራሱን ስንብት በኪሱ ይዞ ሲያድል ነው ያረፈደው። የመልቀቂያው ግልባጭ ሦስት ነበር። አንዱን በጠዋት ለማህደር ክፍል ሰጥቷል፤ ሁለተኛው አሁን ዘመነ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ለትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሮጦ ገባ። ዘመነ ቀኑን ጽፎ ቁጥሩን ሊጀምር ነው። ስማቸው ወረቀቱን ከእጁ ስር ሳብ አደረገና “ስም ተሳስቷል” አለው።

“የማን ስም? የራስህ?” ብሎ ዘመነ ሳቀ። ስማቸው ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ።

እንግዲህ ስማቸውን ለማያውቀው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ደመወዙ የወሩን አሥራ አምስተኛ ቀን አይቶ አያውቅም። በዚያ ላይ በሥራ ፍለጋ ምክር የታወቀ ነበር፤ ተመርቆ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቁ፣ ማን ሊለቅ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ ይላቸዋል። የትምህርት ማስረጃችሁን ፎቶ ኮፒ ሁልጊዜ በቦርሳችሁ ያዙ። ማመልከቻ ላይ ችግራችሁን አትጻፉ፣ የምትችሉትን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቅጥር ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ የያዛችሁትን አትልቀቁ። ይህን ለስንቱ መክሮ፣ ራሱ በስልክ ወሬ አምኖ ለቀቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሚስቱ ብርቄ ዕቃውን በጆንያ ቋጥራለች፤ የተከራዩትንም ቤት ለባለቤቱ መልሰዋል። ባለፈው ዓርብ መምህራኑ አዋጥተው ጋቢ አልብሰውታል፣ ተናግረው መርቀውታል። ተመርቆ መመለስ ውርደት ነው፤ ሦስት ልጆች ይዞ ያለ ደመወዝ መቅረት ግን ከውርደትም የባሰ ነው። ስማቸው ወደ ማህደር ክፍል ገሰገሰ።

ወይዘሮ ማንአለሽ የማህደር ክፍሉን ለሃያ ዓመት የያዙ፣ ምላሳቸው ስለታም የሆነ ሴት ናቸው። ጠዋት ግልባጩን ሲቀበሉት “የቅጥር ደብዳቤህን አይተኸዋል?” ብለውት ነበር፤ “ያለቀ ነገር ነው” ብሏቸዋል። አሁን ነገሩን በዝግታ ሰሙት። የተሰጠውን ቁጥር ከመዝገብ መፋቅ እንደማይቻል፣ እሳቸውም እንደማያደርጉት ነገሩት። ነገር ግን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ራሱ መልቀቂያውን ሊሽረው ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ግልባጩን ካልተቀበለና መደቡን ለሌላ ካልሰጠ ብቻ።

“ሰጥተሃል?” አሉት።

“ኪሴ ውስጥ ነው።”

“እግዜር ይወድሃል። በል፣ ማመልከቻ ጻፍ። እዚያ ቦታህን የሚጠብቅ ሰው ካለ ደግሞ ወረዳው ከለከለኝ በል። ወረዳ ሲረገም የኖረ ነው፣ አንድ እርግማን ቢጨመርበት አይሞትም።”

ኃላፊው ከምሳ በኋላ ገባ። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ የሰለቸው ይመስል ነበር። ርእሰ መምህሩ “በሥራ ገበታው ላይ ነው” ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከጻፈለት፣ ያም ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ጠረጴዛው ላይ ከደረሰ፣ እሽራለሁ አለ። ነገ በጠዋት የወር ሪፖርቱ ወደ ዞን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የስማቸው ስም ከደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የለም።

ትምህርት ቤቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ስማቸው ቁልቁለቱን ተያያዘው። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው አረፍ በል ቢሉት እጁን ብቻ አንስቶ አለፈ። እስካሁን ያሰበው ስለ ወረቀቱ ነበር። መንገዱ ሲረዝም ግን ሊያስበው የማይፈልገው ነገር መጣ፤ የትናየት።

የትናየት የድሮ ተማሪው ናት። በሒሳብ ተመርቃ አራት ዓመት ቅጥር አጣች። አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ የስልክ ካርድና ቀፎ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥራ እናቷን ትረዳ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ምክር ብላ መጣች፤ ስማቸውም መከራት። መደብ ክፍት ሲሆን የሚይዘው በዓይን የሚታይ ሰው ነው፣ ሱቁን ልቀቂና እኔ ቦታ ላይ በነጻ አስተምሪ፣ ግልባጩ እንደደረሰ ርእሰ መምህሩ በኮንትራት ይዞሽ ይቀጥላል አላት። እሷም ለቀቀች። በማግስቱ የሱቅ ቦታዋን ሌላ ሰው ያዘው። ስማቸው ጉዳዩን ለመጨረስ ፈቃድ ከወጣ ወዲህ ሰባተኛ ክፍልን የምታስተምረው እሷ ናት። እሱ ራሱ የወደቀበትን ጉድጓድ አስቀድሞ ለእሷ ቆፍሮላታል።

መመለሱ ይቅርብኝ፣ ግልባጩን ለትምህርት ቤቱ ልስጥና የመጣው ይምጣ ብሎ መንገድ ላይ ቆመ። የብርቄ ፊት ታየው፤ በጆንያዎቹ መካከል ተቀምጣ የመካነ ኢየሱስን ኑሮ ስታሰላ። እንደገና ተራመደ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ብቻውን ስለሆነ አልጠረገውም።

ርእሰ መምህሩ አንተነህ ነገሩን ሲሰማ አልገሰጸውም እንኳ። ልምድ ያለው መምህር ቢመለስለት ምን ከፋው? ወረቀቱን በገዛ እጁ ጻፈ፣ ማኅተሙንም አሳረፈበት። “ፈቃድ ላይ ነበርክ፣ ውሸት የለበትም” አለ። “የልጅቷን ነገር ለእኔ ተወው። ወረዳው አልለቀቀውም እላታለሁ። አንተ ሰዓት አለብህ፣ ሩጥ።”

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የሰባተኛ ክፍል በር ወደ መንገዱ በሚወስደው በኩል ነው፤ በጀርባ በኩል ቢዞር ግን ማንም አያየውም። ስማቸው ወደ ጀርባው ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ በክፍሉ በር መጣ።

የትናየት አየችው። ጠመኔዋን እንደያዘች ብቅ አለች፤ ቀሚሷ ላይ ነጭ ብናኝ አለ።

“ቲቸር፣ ደብዳቤው መጣ?”

መንገድ ላይ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋው። “አልለቅም” አላት። “ወደ ቦታዬ ልመለስ ነው።”

ልጅቷ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አየች፣ ወደ እሱም አየች። ደግ ልጅ ናት፤ ከራሷ ሐዘን በፊት ለእሱ ሰበብ ፈለገችለት።

“ወረዳው ከለከለዎት?”

አንድ ጊዜ ራሱን ቢነቀንቅ ያበቃ ነበር። ማንአለሽ ያሉት ይህንኑ ነው፣ አንተነህም ያለው ይህንኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ልጅቷ ራሷ አቀረበችለት። ቢቀበለው እየባረከችው ትሄዳለች፣ ገበያ ላይ ስታገኘውም ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች።

“አልከለከለኝም” አለ ስማቸው። “መልቀቂያው ወጥቷል፣ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። የሄድኩበት ሥራ ቀረብኝና ልጆቼን ምን አበላለሁ ብዬ ፈራሁ። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳትቀየሚ።”

ልጆቹ ከውስጥ መንጫጫት ጀምረዋል።

“ሱቁን ልቀቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት” አለች በመጨረሻ።

“እኔ ነኝ።”

“አሁንስ ምን ይመክሩኛል?”

ስማቸው አፉን ከፈተ። ዕድሜ ልኩን ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። “ምንም የለኝም” አላት።

ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። “ክፍልፋይን ጨርሰናል” አለች። “ዛሬ መቶኛ ጀምረናል። የትናንቱን የቤት ሥራ አላረምኩትም፤ ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።” ጠመኔውን አየችው። “ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። ልጨርሰው?”

“ጨርሺው” አላት።

ገባችና በሩን ዘጋችው። ስማቸው ዳገቱን ሮጦም ቢሆን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወረዳው እንደሚደርስ አሰላና፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንደያዘ ደወሉ እስኪደወል በሩ ላይ ቆመ።